ከፕላዝማ እስከ ቻት ጂፒቲ፦ መምህሩን ማን አገዘው?

ዛሬ የጻፍኩት ረዘም ይላል። ቡና እስኪፈላ የሚነበብ ዓይነት ነው፤ ጊዜ የሌላችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ማታ ተመለሱበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ጥቂት ጓደኞች አሉኝ፤ ግማሾቹ ደሴ፣ ግማሾቹ ኮምቦልቻ። ድሮ ስንገናኝ ወሬያችን ደሞዝና የቤት ኪራይ ነበር። አሁን ኤአይ ሆኗል። ተማሪው አሳይንመንቱን ይዞ ይመጣል። እንግሊዝኛው እንከን የለውም፣ አንቀጾቹ ተሰድረዋል፣ መደምደሚያው ያማረ ነው። "እስቲ ይቺን ሁለተኛዋን አንቀጽ አስረዳኝ" ሲሉት ዝም። የጓደኞቼ ንዴት ግን በተማሪው ብቻ አይደለም። "አንድ ቀን ከልክሉ ይሉናል፣ በማግስቱ ቴክኖሎጂ ተጠቀሙ ይሉናል፤ እንዴት እንደሆነ የሚያሳየን ግን የለም" ነው የሚሉት።

እኔ ባለ ዲፕሎማ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። ለዶክተርና ለባለ ማስተርስ ምክር ልሰጥ የተነሳሁ እንዳይመስላችሁ። ግን አንደኛ ታሪክ አስተምራለሁ፤ ሁለተኛ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። ማሽን ከላይ ተልኮ ክፍል ሲገባ መምህሩ ምን እንደሚሆን ተቀምጬ አይቻለሁ። ስለዚህ ስለ ኤአይ ከማውራቴ በፊት ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

1997 ዓ.ም ላይ ነው። በየመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጠፍጣፋ ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ገቡ። ስሙ በአንድ ቀን "ፕላዝማ" ሆነ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ነበር፤ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይሠራጭና በመላ አገሪቱ ያለ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ትምህርት ያያል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የገጠሩም የከተማውም ልጅ እኩል ይማር፣ ላብራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ሙከራውን በስክሪን ይመልከት፣ የመምህር እጥረቱም ይቃለል ነው የተባለው። እውነት ለመናገር እኔ ሴል በማይክሮስኮፕ ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በፕላዝማ ነው። ይህን መካድ ነውር ነው።

ግን ከአርባ ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሠላሳው ገደማ የስክሪኑ ነበር። ለመምህሩ የተረፈው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው። መግቢያ ይላል፣ ይከፍታል፣ ዳር ይቆማል፣ መጨረሻ ላይ "ጥያቄ አላችሁ?" ይላል፣ ደወል ይደወላል። በስክሪኑ ያለው መምህር እንግሊዝኛው ፈጣን፣ አነጋገሩም ለጆሯችን እንግዳ ነው። "ይህን ሥሩ" ብሎ ሰዓት ይቆጥራል፤ እኛ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ እሱ መልሱን ይናገራል። ቆይ አይባል፣ ድገምልን አይባል። መብራት ከሄደ ደግሞ ያ ትምህርት ሄደ ማለት ነው፤ መብራት ሲመጣ ፕላዝማው ቀጣዩ ምዕራፍ ላይ ነው። የደሴን የክረምት መብራት የሚያውቅ ያውቀዋል።

በጊዜው ልጆች መምህሩን "ሪሞት ያዥ" እያሉ ይቀልዱ ነበር። ቀልዱ አሁን አያስቀኝም፤ እኔም በተራዬ ጠመኔ ይዣለሁና። ያ ሰውዬ ኮሌጅ ገብቶ፣ ተምሮ፣ ማስተማር ሙያዬ ብሎ የመጣ ሰው ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከራሱ ክፍል ዳር ላይ አቆሙት። ማንም "ከዚህ ማሽን ጋር እንዴት ትሠራለህ? የቱን ታስቆማለህ? የቱን ትደግማለህ?" አላለውም። የተሰጠው መመሪያ መጽሐፍና ሪሞት ነበር።

ያም ሆኖ አንዳንድ መምህራን ነበሩ። አንድ የሒሳብ መምህር አስታውሳለሁ፤ ፕላዝማው ሲከፈት ድምፁን ዝም ያሰኘዋል፣ ሥዕሉን እያየን በአማርኛ ያስረዳናል፣ ከዚያ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞሮ አንዳችንን ያስወጣል። ይህን እንዲያደርግ የፈቀደለት መመሪያ አልነበረም። ከዚያ ክፍል ብዙ ልጅ ሒሳብ የገባው በእሱ ነው፤ በስክሪኑ አይደለም ልላችሁ እችላለሁ። የፕላዝማ ነገር በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየቀዘቀዘ መጣ። የተበላሸው ሳይጠገን ቀረ። እኛ ጋ ደግሞ የ2014ቱ ጦርነት መጣና በደሴም በኮምቦልቻም ከትምህርት ተቋማት ብዙ ንብረት ተዘርፏል፣ ወድሟል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም በሁለቱም ከተማ ያሉት ግቢዎቹ ከዚህ አላመለጡም።

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲው ልምጣ፤ ምክንያቱም በነዚያው ዓመታት ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ሌላ ነገር ተጀምሮ ነበር። ሃየር ዲፕሎማ ፕሮግራም ይባላል፤ ሰዉ ኤችዲፒ ነው የሚለው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቪኤስኦ በተባለው የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት እገዛ የተጀመረ፣ አንድ የትምህርት ዘመን የሚፈጅ ሥልጠና ነው። ቁም ነገሩ ትክክለኛ ነበር። አንድ ሰው ፊዚክስ ስላወቀ ብቻ ፊዚክስ ማስተማር ይችላል ማለት አይደለም፤ ስለዚህ መምህሩ በየሳምንቱ ከባልደረቦቹ ጋር ተቀምጦ ስለ ማስተማር ያውራ፣ ክፍሉን ራሱ ያጥና፣ ተማሪውን ያሳትፍ፣ ምዘናውንም ተከታታይ ያድርግ።

የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ? በአንድ ወቅት፣ በአንድ ሚኒስቴር ሥር፣ ለዩኒቨርሲቲው መምህር "ተማሪውን አሳትፍ፣ ጠይቀው፣ አስጠይቀው" ሲባል፣ ለሁለተኛ ደረጃው መምህር ደግሞ ሊጠየቅ የማይችል ስክሪን ተሰቀለለት። ይህ ሲሆን "እነዚህ ሁለቱ አይጣሉም ወይ?" ያለ ሰው ካለ ድምፁ እስከ ወሎ አልደረሰም።

ኤችዲፒ ራሱስ የት ደረሰ? የወሰዱ ጓደኞቼ ሁለት ዓይነት ነገር ነው የሚነግሩኝ። አንዱ "ሕይወቴን የለወጠ ሥልጠና ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ማስተማር ከሰው ጋር ያወራሁት እዚያ ነው" ይላል። ሌላው "ፋይል ነው" ይላል። ፖርትፎሊዮ የሚሉት ወፍራም ፋይል አለ፤ እሱን መሙላት ሥራው ሆነ፣ ካለፈው ዓመት ሠልጣኝ ፋይል መቅዳትም ተጀመረ። እንግዲህ ኩረጃ የተማሪ ብቻ አይደለም።

ይህ ሁሉ በሚሆንበት ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎቹ እየተስፋፉ ነበር። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ማዕበል ከተወለዱት አንዱ ነው፤ በ2000 ዓ.ም አካባቢ ማስተማር ጀመረ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ መጣ። አባቶቻችን "ዩኒቨርሲቲ ገባ" ሲሉ ልጁ አዲስ አበባ ወይም አለማያ ሄደ ማለት ነበር፤ ዛሬ በአገሪቱ ከአርባ በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የደላንታ፣ የወረባቦ፣ የቃሉ ልጅ ቤቱ አጠገብ ዲግሪ ይዟል። ግን ክፍሉ ሞላ። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል "ተከታታይ ምዘና አድርግ" የተባለ መምህር ምን ያደርጋል? አሳይንመንት ይሰጣል። ስልሳ አሳይንመንት ማረም ስለማይችል የቡድን አሳይንመንት ይሰጣል። ከዚያ አንድ ለአምስት የሚባል አደረጃጀት መጣ። አንዷ ጎበዝ ትጽፋለች፣ የቀሩት ስማቸውን ያጽፋሉ። እናንተ የቀድሞ ተማሪዎቼ ውስጥ ያቺ "አንዷ" የነበራችሁ አላችሁ፤ ስማችሁን አልጠራም፣ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ደግሞ የጽሕፈት ቤቶቹ መጡ። በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንትና "ሪሰርች እንሠራለን" የሚል ማስታወቂያ ማየት ብርቅ አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፍ ከፍለህ ታሠራለህ፤ የቦታውን ስም ቀይረህ ታስገባለህ። ኤአይ ይህን አላመጣም። ኤአይ ያደረገው ነገር ቢኖር የጽሕፈት ቤቱን ዋጋ ወደ ዜሮ ማውረድ ነው።

ይህን የምለው ኤአይን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ቀኖቹን ብቻ ተመልከቱ። ቻት ጂፒቲ ለሕዝብ የተለቀቀው ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ተሰጠ። ከተፈተኑት ያለፉት 40 ከመቶ ገደማ ነበሩ፤ የመንግሥቶቹ ከግሎቹ ይሻላሉ። እነዚያ ልጆች ሦስት አራት ዓመት አሳይንመንት ሠርተው፣ ነጥብ ተሰጥቷቸው፣ ክፍል አልፈው የመጡ ናቸው። ከአሳይንመንቶቻቸው አብዛኛው የተሠራው ቻት ጂፒቲ የሚባል ነገር በዓለም ላይ ከመታወቁ በፊት ነው። ማለትም በወረቀቱ ላይ ባለው ነጥብና በልጁ ጭንቅላት ባለው ነገር መካከል ያለው ገደል ቀድሞም ነበር። ከዚያ በፊት በ2014ቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወስደው ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩም አትርሱ። አጤሬራና ቴሌግራም ሲነሱ የቀረው ያ ነበር።

እንግዲህ ዩኒቨርሲቲው መምህሩን እንዴት ይርዳው? በዓለም ላይ ብዙዎች መጀመሪያ የሮጡት ወደ መመርመሪያ ሶፍትዌር ነው። "ይህን ጽሑፍ ሰው ጻፈው ወይስ ማሽን?" ብሎ የሚመልስ ማሽን። እኛም ጋ ይህን የሚጠይቁ ኃላፊዎች አሉ ሲባል እሰማለሁ። እስቲ የሆነውን ልንገራችሁ። ቻት ጂፒቲን የሠራው ኦፕን ኤአይ ራሱ እ.ኤ.አ. ጥር 2023 እንዲህ ያለ መመርመሪያ አወጣ፤ በማሽን ከተጻፈው ውስጥ በትክክል የሚያገኘው 26 ከመቶውን ብቻ ነበር። ስድስት ወር ሳይሞላ ሐምሌ ላይ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ ራሱ አነሳው። ሠሪው ያልቻለውን እኛ ገዝተን ልንችለው ነው?

ሌላም አለ፤ ይሄኛው በቀጥታ የኛን ልጆች ይነካል። በዚያው 2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መመርመሪያዎችን ፈተኑ። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና በእጃቸው የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች ሰጧቸው። ማሽኖቹ በአማካይ ከ60 ከመቶ በላይ የሚሆኑትን "ይህ የኤአይ ነው" አሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው የሚያውቃቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፣ ዓረፍተ ነገሩም የተለመደ ዓይነት ነው፣ ማሽኑም የተለመደውን ሁሉ የማሽን ይለዋል። አስቡት እንግዲህ፤ ከሐይቅ ወይም ከወግዲ የመጣች ልጅ ሦስት ሌሊት መዝገበ ቃላት ስታገላብጥ አድራ የጻፈችውን ወረቀት ማሽን "ሰርቀሻል" ይላታል። አሜሪካ ውስጥ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተርኒቲን የሚባለውን መመርመሪያ ያጠፋው ይህን ዓይነት ሂሳብ ሠርቶ ነው። በዓመት 75,000 ጽሑፍ ቢገባ፣ ማሽኑ አንድ ከመቶ ብቻ ቢሳሳት፣ 750 ጽሑፍ በስህተት የማሽን ነው ይባላል አሉ።

ስለዚህ መመርመሪያው ያው ሁለተኛ ፕላዝማ ነው። መምህሩን ዳር አቁሞ በእሱ ፈንታ የሚፈርድ ስክሪን።

መመሪያ ማውጣትስ? ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ450 በላይ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎችን ጠይቆ ስለ እነዚህ መሣሪያዎች መመሪያ ያላቸው ከአሥር ከመቶ በታች ሆነው ነበር ያገኛቸው። እና አብሽሩ፣ የተደናገርነው እኛ ብቻ አይደለንም። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ራሱ ዩኔስኮ ለትምህርትና ለምርምር የሚሆን መመሪያ አወጣ። በኛም አገር የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰኔ 2016 ብሔራዊ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፖሊሲ አጽድቋል። ጥሩ ነው። ግን ፖሊሲ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልሳ ልጅ ፊት የሚቆመውን ሰው አያግዘውም። ኤችዲፒ ላይ ያየነው ይኸው ነው፤ ቁም ነገሩ ከላይ ሲወርድ ፋይል ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው የራሳችን ታሪክ የሚመጣው። ወሎ እኮ የትምህርት አገር ናት። ዋድላ ከታወቁት የቅኔ ጉባኤዎች አንዱ ነው። ወዲህ ደግሞ ዳና፣ ጀማ ንጉሥ፣ ጌታ ከሩቅ አገር ደረሳ የሚመጣባቸው የቂርኣት ቦታዎች ነበሩ፤ ነፍሱን ይማረውና ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና የጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስለነዚህ ማዕከላት በሰፊው ታገኛላችሁ። ሁለቱም ጋ ኩረጃ ችግር አልነበረም። ለምን?

የቅኔ ቤቱን እንይ። ተማሪው ጉባኤ ቃና ከሚባለው ባለ ሁለት ቤት ይጀምራል፤ እያደገ እያደገ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ቀን ከዛፍ ሥር ወይም ከድንጋይ ጥግ ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል። ከዚያ ይዞት ይመጣና ይናገራል። መምህሩ ይሰማል፣ ያርማል፣ "ይህ ቃል ለምን እዚህ ገባ? ሰሙ ምንድን ነው? ወርቁስ?" ይላል። የሰው ቅኔ ይዞ የመጣ ልጅ እዚያው ይጋለጣል፤ መምህሩ መመርመሪያ ስላለው ሳይሆን ልጁ የራሱ ያልሆነውን ማስረዳት ስለማይችል ነው። ደግሞ አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ ተመልሶ አይባልም፤ በየዕለቱ አዲስ ነው የሚፈለገው። የትናንቱን ገልብጦ የዛሬ ማድረግ ራሱ ነውር ነው።

ቂርኣት ቤትም ሂዱ። ደረሳው ኪታቡን ይዞ ሸኹ ፊት ይቀመጣል። ያነባል፣ ይፈታል፣ ይጠየቃል። አንዱን ኪታብ ሳያስረዳ ሌላው አይከፈትለትም። ፊቅህ በአንዱ ሸኽ፣ ነህው በሌላው እየተባለ ከቦታ ቦታ ይዞራል፤ የሚመሰክርለትም ፊቱ ተቀምጦ የሰማው ሰው ነው።

"እሱማ ጥቂት ተማሪ ስለነበራቸው ነው" የምትሉ አላችሁ። እውነት አላችሁ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ትልልቅ የቅኔ ጉባኤዎች ብዙ ተማሪ ነበራቸው። ታዲያ መምህሩ ሁሉንም ብቻቸውን አይሰሙም። አስነጋሪ የሚባሉ የበሰሉ ተማሪዎች አሉ፤ ጀማሪው መጀመሪያ ለነሱ ይናገራል፣ እነሱ ያርሙታል፣ ከዚያ የተጣራው መምህሩ ዘንድ ይደርሳል። ዘመናዊው ትምህርት "ቲቺንግ አሲስታንት" የሚለው ነገር እኮ ነው! ዩኒቨርሲቲዎቻችን ረዳት መምህራን፣ የማስተርስ ተማሪዎች፣ ጎበዝ የአራተኛ ዓመት ልጆች አሏቸው።

የፈረንጆቹም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ተማሪን የሚፈትኑት በቃል ክርክር ነበር፤ ካምብሪጅ ወደ ጽሑፍ ፈተና የዞረው በአሥራ ስምንተኛውና በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ነው። ቤት ወስዶ የሚጻፍ ወረቀት የትምህርት መጀመሪያም መጨረሻም አይደለም። አንድ ዘመን ያመጣው መንገድ ነው፣ አሁን ያ መንገድ ተዘጋ።

እና ጓደኞቼን ምን ይርዳቸው? ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ስልሳ ተማሪ፣ ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ቁጭ ብሎ መጠየቅ። ስድስት መቶ ደቂቃ ነው፤ አሥር ሰዓት። በአንድ ሴሚስተር አንድ ኮርስ ላይ አሥር ሰዓት። ሦስት አሳይንመንት ስልሳ ስልሳ ወረቀት ማረም ከዚህ በላይ ነው የሚፈጀው፤ ያውም ማን እንደጻፈው ሳይታወቅ። ሦስቱን ወደ አንድ አውርዶ ያቺን አንዷን ማስጠየቅ ይቻላል። ግን መምህሩ ይህን በራሱ ሥልጣን ማድረግ አይችልም። የኮርስ አውትላይኑ "ሦስት አሳይንመንት፣ ሁለት ኩዊዝ" ካለ እሱን ነው የሚከተለው። ተማሪ የሚጠይቅበት ሰዓት ደግሞ በሎድ አይቆጠርለትም። ስለዚህ የመጀመሪያው እርዳታ ሥልጠናም ሶፍትዌርም አይደለም፤ አውትላይኑን የመቀየር ፈቃድና በሎድ የሚቆጠር ሰዓት ነው። ይህን ዲን መፈረም ይችላል። ገንዘብም ብዙ አይጠይቅም።

ሁለተኛው የሥራው ዓይነት ነው። "የቦሩ ሜዳ ጉባኤን መንስኤና ውጤት አብራራ" ብላችሁ ብትሰጡ ማሽኑ በአሥር ሰከንድ ይጽፍላችኋል፤ 1870 ዓ.ም ይላል፣ አፄ ዮሐንስን ይጠራል፣ ኢማም መሐመድ አሊ ክርስትና ተነስተው ራስ ሚካኤል መባላቸውን ይነግራችኋል። ግን ቦሩ ሜዳ ከደሴ የታክሲ መንገድ ናት። "ሂድ፣ እዚያ ያሉ ሁለት ሽማግሌዎችን ጠይቅ፣ የነገሩህን በእጅህ ጻፍ፣ መጽሐፉ ከሚለው የት እንደሚለይ አሳየኝ" ብትሉትስ? ወይም "አይጠየፍ አዳራሽ ግባ፣ ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበትን ቦታ አይተህ፣ ስሙ ለምን አይጠየፍ ተባለ የሚለውን ከሦስት ሰው ሰብስብ።" የኢንጂነሪንግ መምህር ከሆነ ደግሞ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሞልቶላታል፤ የተማሪው ስሌት ከአንድ እውነተኛ ማሽን ላይ ይነሳ። እኔ ይህን ከአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ጋር በትንሹ እሞክረዋለሁ። የመጡት ወረቀቶች እንግሊዝኛቸው የተሰባበረ ነው፣ አማርኛቸውም ስህተት አለበት፣ ግን ውስጣቸው ሰው አለ። አንዱ ልጅ ከአያቱ የሰማውን ይዞ መጥቶ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ሲከራከር ግማሽ ክፍለ ጊዜ ፈጀብን።

ሦስተኛው ብዙ ሰው ላይወደው ይችላል፤ ቋንቋው ነው። ልጆቻችን ኤአይ ጋ የሚሮጡት ሁሌ ስንፍና ይዟቸው አይደለም። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ አሁን ኮምቦልቻ ሁለተኛ ዓመት ነው፣ በቴሌግራም እንዲህ አለኝ፦ "ቲቸር፣ መልሱን አውቀዋለሁ። በእንግሊዝኛ ሁለት ገጽ ማድረግ ነው ያቃተኝ። ስለዚህ በአማርኛ እጽፍለትና ተርጉምልኝ እለዋለሁ።" ይህን ልጅ ሌባ ልትሉት ትችላላችሁ? እኔ አልችልም። ፕላዝማው ፊት ተቀምጠን እንግሊዝኛው ያመለጠን ልጆች ነበርን፤ እሱ ያመለጠውን የሚያመጣለት ነገር አግኝቷል። ክፉው ነገር ማሽኑ ትርጉሙ ላይ አለማቆሙ ነው፤ ልጁ ያላሰበውን ጨምሮ ያስውብለታል፣ ልጁም የራሱንና የማሽኑን መለየት ያቅተዋል። መፍትሔው ምን ይመስለኛል? ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ደንቡ ነው። ያን አሥር ደቂቃ ጥያቄ ግን ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ይመልስ። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሚችለው። ያወቀ ያስረዳል፤ ያላወቀ በየትኛውም ቋንቋ አያመልጥም። ከዚያ እንግሊዝኛው ላይ ለብቻው ይሠራበታል።

ኤአይን ራሱን ክፍል ማስገባትም ይቻላል፤ ግን መምህሩ ከፊት ሆኖ። የማሽኑን መልስ አትሞ ለክፍሉ አድሎ "የቱ ጋ ተሳሳተ?" ማለት። በተለይ ስለ ወሎ ስትጠይቁት ስም ያምታታል፣ ያልነበረ መጽሐፍ ይፈጥራል፣ ቦታ ያዛውራል። ልጆቹ ስህተቱን ሲይዙት የሚሰማቸው ደስታ ሌላ ነው። ያ የሒሳብ መምህራችን ፕላዝማውን ድምፅ አጥፍቶ ያደረገው ማለት እኮ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህ ለኃላፊዎች ነው። ሥልጠና አዘጋጃችሁ አዳራሽ ውስጥ ሁለት መቶ መምህር ሰብስባችሁ ፓወር ፖይንት አታሳዩ። ኤችዲፒ የሠራው ሰባት ስምንት መምህር በሳምንት አንድ ጊዜ ተቀምጦ "እኔ ክፍል ይህ ሆነ፣ አንተስ?" ሲባባል ነበር፤ የሞተው ደግሞ ፋይሉ ላይ። አሁንም የባዮሎጂ ሰዎች ለብቻ፣ የሕግ ሰዎች ለብቻ፣ የኢንጂነሪንግ ሰዎች ለብቻ ይቀመጡ። የሕግ ተማሪ የሚኮርጀውና የሲቪል ተማሪ የሚኮርጀው አንድ አይደለም። አንዱ ያቀረበውን የአፍ ጥያቄ ሌላው ይሞክረው። ኢንተርኔት የለም፣ መብራት የለም የሚለውም እዚህ አያስቸግርም፤ ወንበርና ሻይ ይበቃል።

ሠላሳ ገጽ አሳይንመንት የሚያዝዙ መምህራንን በተመለከተ ሌላ ቀን እንነጋገራለን። ከናንተ ውስጥ በ1997 እና 98 ዘጠነኛ ክፍል የነበራችሁ፣ ፕላዝማውን ዝም አሰኝቶ ያስተማራችሁ መምህር ካለ እንዴት ያደርግ እንደነበር ጻፉልኝ። ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩም፣ ይህን የአፍ ጥያቄ የሞከራችሁ ካላችሁ ስንት ተማሪ፣ ስንት ደቂቃ፣ ምን እንደጠየቃችሁ ንገሩኝ፤ ሰብስቤ ለጓደኞቼ አደርሳለሁ። ቅዳሜ ፒያሳ እንገናኛለን።